የፕሬዚዳንቱ መዝገብ ከዲላ ሲፈለግ

ኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሚባል ርእሰ ብሔር ያየችው በ1980 ዓ.ም. መባቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በደርግ ሊቀ መንበርነት ይዘውት የቆዩትን ሥልጣን በአዲስ ስም ቀጠሉበት። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በናይሮቢ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሲሸሹ በስማቸው፣ በፊርማቸውና በትእዛዛቸው የተጻፈው ወረቀት በብዛት እዚሁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፏል። ያ መዝገብ የት ነው? ማን ሊያየው ይችላል? እንደ ጌዴኦ ላለ አካባቢስ ምን ይፈይዳል?

ጉዳዩ የአራት ኪሎ ብቻ ይመስላል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ከምትገኘው የጌዴኦ ዋና ከተማ ዲላ ሲያዩት ግን ሌላ መልክ አለው። ስለ መሬት፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበርና ስለ ወታደር ምልመላ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተወሰነው ሁሉ የጌዴኦ አርሶ አደር ጓሮ ድረስ ወርዷል። የወረደውም በወረቀት ነው።

የመንግሥት ደብዳቤ አወጣጥ ለታሪክ ፈላጊ ይመቻል። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ከታች ፊርማና ማኅተም አለው፤ ከፊርማው ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ ቅጂው የደረሳቸው መሥሪያ ቤቶች ይዘረዘራሉ። ትእዛዙ ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር ሲወርድ በየእርከኑ አንድ ቅጂ ፋይል ይደረጋል። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲመለስም እንዲሁ። መዝገብ ቤቱ የወጪና የገቢ ደብዳቤ መመዝገቢያ ስላለው፣ ደብዳቤው ራሱ ቢጠፋ እንኳ መቼ ከማን ወደ ማን እንደተጻፈ የሚናገር አንድ መስመር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የአንድ መሪ ሰነድ አንድ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ክምችት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ግማሹ አካሉ በየአውራጃው ተበትኗል፤ ከላይ የጠፋው ከታች ሊገኝ ይችላል።

ጌዴኦን በሚመለከት ምን እንፈልጋለን? የዛሬው ዞን በንጉሡ ዘመን በሲዳሞ ሥር የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ የቆዩትን ፋይሎች የሚፈልግም በዚያ ስም ነው የሚጠይቀው። የመሬቱ ጉዳይ የሚጀምረው ከደርግ በፊት ነው። በቀላድ እየተለካ ለባለርስት የተሰጠው መሬት ባለይዞታውን ጭሰኛ አድርጎት ነበር። የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ ያነሣው ዐመፅ የዚህ ሥርዓት ውጤት ነው። ስለዚያ ዘመን የሚያጠኑ ሰዎች አዲስ አበባ በሚገኘው የወልደ መስቀል ታሪኩ መታሰቢያ ማዕከል የተሰበሰቡትን የቆዩ የመንግሥት ደብዳቤዎች በግርጌ ማስታወሻቸው ይጠቅሳሉ። ከንጉሡ ዘመን መዝገብ ቢያንስ አንድ ክፍል ለአጥኚ ዓይን በቅቷል ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነት ቀረ፤ በጌዴኦም ቡና ለቃሚው የቡናው ባለቤት ሆነ። ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። መንግሥት ገበሬውን ወደ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለማስገባት ሲገፋ፣ በ1973 ዓ.ም. የጌዴኦ አርሶ አደሮች እንደገና ተነሡ። መልሱ የጦር ኃይል ነበር፤ ሬኮ ተራራም የዚያ ግጭት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስለ ሬኮ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከሽማግሌዎች አንደበትና ከጥቂት ጥናቶች የመጣ ነው። አንድ የመንግሥት መሪ ጦር እንዲንቀሳቀስ ሲወስን ማን ምን ብሎ ሪፖርት አደረገለት? ሕዝቡ ያቀረበው አቤቱታ ከየትኛው ጠረጴዛ አለፈ፣ የትኛው ላይ ቆመ? የሞቱት ተቆጥረዋል? ለነዚህ ጥያቄዎች የሽማግሌ ትውስታ ብቻውን አይበቃም። ሸንተረሩን፣ ቀኑን፣ የወደቁትን ሰዎች ስም ሽማግሌው ያውቃል፤ በአዋሳና በአዲስ አበባ መካከል የተጻጻፉትን ግን ሊያውቅ አይችልም።

ቡናው ደግሞ ታሪኩን ድንበር ያሻግረዋል። በ1969 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን ከባድ የቡና እጥረት ገጠማት፤ የዓለም ዋጋ ንሮ የውጭ ምንዛሪዋ አልበቃ አለ። የፓርቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን ቬርነር ላምበርትስ አዲስ አበባ መጥቶ ከሊቀ መንበር መንግሥቱ ጋር ተነጋገረ፤ የኢትዮጵያ ቡና በጦር መሣሪያና በሌላ ሸቀጥ እንዲለወጥ ተስማሙ። ያ ወቅት የሶማሊያ ጦር ድንበር የሚጥስበት፣ ከተሞቻችን በቀይ ሽብር የሚታመሱበት ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ከፈረሰች በኋላ የገዥው ፓርቲ መዛግብት ለተመራማሪ ስለተከፈቱ፣ የጀርመን የታሪክ ሰዎች የዚህን ስምምነት ዝርዝር በርሊን ተቀምጠው አንብበው ጽፈውበታል። መንግሥቱ ከምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ከኤሪክ ሆኔከር ጋር ያደረጉት ንግግር ቃለ ጉባኤም ወጥቷል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚያው ዘመን ከአዲስ አበባ ኤምባሲው የተቀበላቸው ቴሌግራሞች በብዙ ሺዎች ተለቀው ማንም ያነባቸዋል። የኢትዮጵያ ወገን ግን ምን አሰበ? ቡናው ከየትኛው አውራጃ ይሰብሰብ ተባለ? ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ በምን ስሌት ተወሰነ? የይርጋ ጨፌ ልጅ የአያቱ ቡና በጥይት መለወጥ አለመለወጡን ለማወቅ ጀርመንኛ መማር ሊኖርበት አይገባም። ይህን ስጽፍ ቁጭት አለብኝ፤ አልደብቀውም።

በአገር ውስጥ የደርግ ሰነድ በሰፊው የተነካካው ለፍርድ ሲባል ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሁለት አደራ ነበረው፦ ወንጀለኞችን መክሰስ፣ የተፈጸመውንም ለትውልድ መዝግቦ ማቆየት። ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ዋናው የችሎት ሂደት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። መንግሥቱ በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። የክሱ ጀርባ አጥንት ወረቀት ነበር፤ ቃለ ጉባኤ፣ የእስረኛ ስም ዝርዝር፣ «እርምጃ ይወሰድ» የሚል ትእዛዝ። ገዥዎቹ ሁሉን እየጻፉ ፋይል ማድረጋቸው መጨረሻ ላይ መሰከረባቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥም በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበሩት እሸቱ ዓለሙ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው የዚያ ዘመን ሰነዶች በማስረጃነት ቀርበዋል።

ነገር ግን ችሎት የሚፈልገው ወንጀልን የሚያስረዳውን ወረቀት ብቻ ነው። የቡና ኮታ፣ የማኅበራት ምዝገባ፣ የመንደር ምሥረታ፣ የበጀት ደብዳቤ፣ የአውራጃ አስተዳዳሪ ወርኃዊ ሪፖርት በክስ ፋይል ውስጥ ቦታ አያገኙም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለተገደሉት ክብር የሰጠ ታላቅ ሥራ ነው፤ የአንድን መንግሥት የዐሥራ ሰባት ዓመት አስተዳደር እንዲያሳይ ግን አይጠበቅበትም። ያንን ማድረግ የሚችለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው።

ክፍተቱን የሞሉት የባለሥልጣናቱ ማስታወሻዎች ናቸው። መንግሥቱ «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ምክትል ፕሬዚዳንታቸው ፍሥሓ ደስታ ደግሞ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ጽፈዋል። ለአንባቢ የሚጠቅሙ መጻሕፍት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ራሳቸውን የሚከላከሉ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፤ አንባቢውም ቃላቸውን የሚያመሳክርበት ሰነድ በእጁ የለም። አንዱ «አላውቅም ነበር» ቢል፣ የግልባጩን ዝርዝር አይቶ «ደርሶዎታል» የሚለው ማን ነው?

ሕጉን ካየን በሩ ዝግ አይደለም። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያውቃል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር ታሪኩን የመንከባከብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን በሕግ አቋቁሟል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይናገር መረጃ እንዲጠይቅ ፈቅዶ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ የተከለከለ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። የጎደለው ሌላ ነው። አንድ መሪ ከሥልጣን ሲወርድ ሰነዱ በስንት ጊዜ ለቤተ መዛግብት እንደሚተላለፍ፣ በስንት ዓመት ለሕዝብ እንደሚከፈት በተራ ዜጋ ዘንድ የታወቀ ልማድ የለንም። አሜሪካኖች ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት በኋላ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የፕሬዚዳንት መዝገብ የሰውየው የግል ንብረት መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሆነ፤ ከሥልጣን በወረደ በ5 ዓመት ሕዝብ መጠየቅ ይጀምራል፤ ፕሬዚዳንቱ እስከ 12 ዓመት ሊያዘገያቸው የሚችላቸው ዓይነቶችም በስም ተለይተዋል። የጊዜው ርዝማኔ ያከራክር ይሆናል፤ ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ግን ከየዘመኑ ሹም ፈቃድ ያወጣዋል።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ የፋይሉ ስደት ነው። የደራሳ አውራጃ ወረቀት በሲዳሞ ዋና ከተማ፣ መጀመሪያ ይርጋለም ኋላ አዋሳ፣ ቅጂ ነበረው። ከ1983 በኋላ ሲዳሞ ፈረሰ፤ የደቡብ ክልል ተመሠረተ፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጌዴኦን ያቀፈው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ። በእያንዳንዱ ለውጥ ቢሮ ይዛወራል፣ ጠረጴዛ ይከፋፈላል፣ ሠራተኛ ይመደባል። የድሮው ፋይል ግን ለማን ይደርሳል? በቤተ መዛግብት ሙያ አንድ ክምችት ከመነጨበት መሥሪያ ቤት ሥርዓት ሳይነጠል መቆየት አለበት፤ ለክልሎች ቢቆራረጥ ትርጉሙን ያጣል። ዋናው ባለበት ተጠብቆ ዲጂታል ቅጂው ለዲላም፣ ለሐዋሳም፣ ለነገሌም ቢሰጥ ሁሉም ያገኛል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንሰቱ፣ ቡናውና ትክል ድንጋዩ ከእነ ባህላዊ አስተዳደሩ ክብር አግኝተዋል። ያን ምድር ማን እንደለካው፣ ማን እንደገበረበት፣ ማን እንደሞተለት የሚናገረው ወረቀትም ከቅርሱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

መክፈት አደጋ የለውም አልልም። የቀበሌና የገበሬ ማኅበር ፋይል የጠቋሚ ስም ይዟል፤ የጠቋሚው ልጅና የተጠቋሚው ልጅ ዛሬ አንድ ገበያ ይውላሉ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የተፈናቀሉበትን ግጭት ያየ ሰው፣ የድሮ የወሰን ደብዳቤ በማን እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል። ጀርመን የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት የነበረውን የሽታዚን መዝገብ በ1991 እ.ኤ.አ. ሕግ ስትከፍት ይህን አስባበታለች፦ ተበዳይ የራሱን ፋይል ያያል፣ የሰለለውንም ሰው ማንነት ማወቅ ይችላል፤ በፋይሉ የተነሡ የሌሎች ሰዎች የግል ጉዳይ ግን ይሸፈናል። የቤተ መንግሥቱን ትእዛዝና የተራውን ሰው ስም በአንድ ዓይን ማየት አያስፈልግም። የመሪውና የባለሥልጣኑ ፊርማ ይታይ፤ የጎረቤቱ ስም እስከ ተገቢው ጊዜ ይሸፈን። የወሰን ሰነድም ከሌላው ተነጥሎ አንድ ገጽ ብቻ ሲወጣ ነው ለጠብ የሚመቸው፤ ሙሉ ፋይሉ ለሁለቱም ወገን አጥኚዎች እኩል ቢከፈት የመሣሪያነት ኃይሉ ይቀንሳል።

ደግሞም የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ወጣቱ በኮታ ሲመለመል፣ ስሙ በገበሬ ማኅበርና በወረዳ ተመዝግቦ ነው የሄደው። ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ እናቶቻቸው እርም ሳያወጡ አረጁ። ለነሱ የአንድ ምልምል ስም፣ የተላከበት ክፍልና ቀን ከማንኛውም የፖለቲካ ምሥጢር ይበልጣል፤ ያን ዝርዝር ደብቆ ማቆየት የትኛውን የአገር ደኅንነት እንደሚጠብቅ አይታየኝም።

ሥራው ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የዞኑና የወረዳዎቹ መዝገብ ቤቶች ከ1983 በፊት የተከፈተ ፋይል ምን እንዳላቸው በዝርዝር ቢጽፉና ዝርዝሩን ቢያወጡ ትልቁ እርምጃ ይሆናል፤ ይዘቱን መክፈት ቀጥሎ ሊመጣ ይችላል። ክፍል ለማጽዳት ተብሎ «አሮጌ ወረቀት» የሚወገድበት ልማድ ደግሞ ዛሬውኑ መቆም አለበት። ጊዜ የለንም የምለው በምክንያት ነው። በሬኮ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባዎቹን እየተጠጋ ነው፤ ሚጪሌን በጎልማሳነት ያዩት ጥቂት ቢቀሩ ነው። እነዚህ ሰዎች በሕይወት እያሉ ፋይሉ ቢከፈት፣ የአውራጃ አስተዳዳሪው ለበላዩ የጻፈውን ሪፖርት አንብበን እናሰማቸዋለን፤ የትኛው መስመር እውነት፣ የትኛው ሹሙ ራሱን ለማዳን የጻፈው እንደሆነ ይነግሩናል፤ ያንንም ከሰነዱ ጎን መዝግበን ማስቀመጥ እንችላለን።