ባሕር የሌላቸው ደሴቶች

ክረምት ሲገባ ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን ያየ ሰው ደሴት ማለት ምን እንደ ሆነ ከመምህር መጠየቅ አያስፈልገውም። በደቡብ ዓባይ፥ በምሥራቅ በሽሎ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ ጉናም ጭጋጉን ተከናንቦ መንገዱን ይዘጋል። ደጋው ከደጋ፥ ገበያው ከገበያ ተቆራርጦ መስከረም እስኪጠባ ይቆያል። ባሕር የለም እንጂ ደሴትነቱስ አልቀረም።

ደሴት የሚኖረው በበሩ ነው። እንግዲህ በበሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነው፥ ስንትስ ይቀበላል የሚለው ነገር ለዚህ አገር ሕዝብ የጨው ጉዳይ ነበር።

አሞሌ ጨው ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ፥ በግመል፥ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ በየጠባቡ በርና በየወንዙ መሻገሪያ ኬላ ይጠብቀው ነበር። የአንዱ ባለ አገር ቀራጭ ተቀብሎ ሲያሳልፈው የሚቀጥለው ባለ አገር ቀራጭ እንደ ገና ያወርደዋል። ሲራራ ነጋዴው «ከፍዬበታለሁ» ቢል የሚሰማው የለም፤ የዚያኛው ኬላ የዚያኛው ጌታ፥ ይኸኛው የዚህ ነውና። ነጋዴውም ሞኝ አይደለም፤ የከፈለውን ሁሉ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ አሞሌ ከተቆረጠበት ሥፍራ በራቀ መጠን እየከበረ ይሄድ ነበር። ስማዳ ላይ ጎንበስ ብላ ወጧን የምታጣፍጥ ሴት የየኬላውን ቀረጥ፥ ቀራጩን ሳታየው፥ ትከፍል ነበር ማለት ነው። አንዳንዱ ደፋር ደግሞ በሌሊት በገደል ለገደል ተጉዞ ኬላ ይሰብራል፤ ቢያዝ ዕቃው ይወረሳል። ዛሬ ኮንትሮባንድ የምንለው ይኸው ነው፤ ስሙ ነው የሠለጠነው።

ጥቅምት 24 ቀን 1842 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉት ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ፕላውደን ራሱ ጽፎ እንዳስቀረው፥ ውሉ ሲነበብላቸው ራስ ዓሊ ጉዳት አላዩበትም፤ ነገር ግን አገሩ እንዲህ ሳለ በ10 ዓመት ውስጥ አንድም የእንግሊዝ ነጋዴ አይመጣምና ጥቅሙ አልታያቸውም። እኛ ይህን ቃል እንደ ስንፍና አንቈጥረውም። ወደ ምጽዋ የሚወርደውን መንገድ ደጃዝማች ውቤ ይዘውት ነበር፤ በባሕሩ በር ላይ ደግሞ ቱርኮች ነበሩ። የራስ ዓሊ ማኅተም ከተከዜ ማዶ ላለው ቀራጭ ምኑ ነው?

ይህን ነገር አጥብቀው የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ገና እንደ ነገሡ፥ ቀረጥ በግዛታቸው ሁሉ በ3 ሥፍራ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን ይኸው ፕላውደን ለመንግሥቱ አስታውቋል። ዳሩ ግን ኬላ የባለ አገሩ እንጀራ ነበርና ትእዛዙ ሥር ሳይሰድ ዘመናቸው አለፈ።

በእውነተኛው ባሕር ላይ ያለ ደሴት ይህ ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመለት ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝና በአይርላንድ መካከል ማን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ጌታዋ ቀረጡን ዝቅ አድርጎ ስለሚቀበል ነጋዴዎች ሻዩንና አረቄውን ወደ እርስዋ አግብተው በሌሊት ወደ እንግሊዝ ጠረፍ ያሻግሩት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ ተማርሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1765 ዓ.ም. የጌታውን መብት በ70,000 ፓውንድ ገዛው። ደሴቲቱ ዛሬም በራስዋ ምክር ቤት ትተዳደራለች፤ ቀረጥዋን የምትሰበስበው ግን በ1979 ከብሪታንያ ጋር በተዋዋለችው መሠረት ነው፤ በሁለቱ መካከልም የጉምሩክ ኬላ የለም።

የእኛ ባለ በሮች በውል አልተሸኙም። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ወደቁ። ውጊያው ስለ ኬላ ነበር አንልም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ የየጌታው የነበረው በር አንድ በአንድ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 መሠረት በሚገባና በሚወጣ ዕቃ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በጨጨሆ በር በኩል የሚያልፈው፥ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወልድያ ወረታ መንገድም ለጋይንት ገበያ ብዙ ነገር አቃልሎለታል።

የወንዙ ቀረጥ ግን በአዋጅ አልተነሣም። የሞጣን አገር ከእስቴ ወገን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለው፥ በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ ጀምሮ ገበያተኛው በገመድ እየተሳበ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሻገር ነበር። በዚህና በዚያ ማዶ ገመዱን የሚይዙ ጎበዞች፥ ከበታች ዓባይ። በ1994 ዓ.ም. በብረት ተጠገነ፤ በ1997 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ለእግረኛ ብቻ ነው፤ የእስቴ ገበሬ ግን ሞጣ ገበያ ለመዋል ከእንግዲህ ገመድ አይጨብጥም።