ልጁ እንዳይገዝፍብኝ

ለእርግዝና ክትትል የመጣች እናት ገና ከጅምሩ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ጫማዋን ታወልቃለች፣ ጋቢዋን ታስቀምጣለች፣ ቁጥሩ ካርዷ ላይ ይሰፍራል፣ ወደ ደም ግፊቱ ይታለፋል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ሰው እምብዛም አታገኝም። እሷ ግን ስለዚያ ቁጥር የራሷን ሐሳብ፣ ብዙ ጊዜም የራሷን ፍርሃት ይዛ ነው የመጣችው። በአዋላጅነት መጀመሪያ ጎጃም ገጠር፣ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ስሠራ እንዳየሁት፣ ያ ፍርሃት ሳይደመጥ የሚሰጥ የምግብ ምክር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ገጠር ያሉ እናቶች ፍርሃታቸውን አይደብቁም። «ሲስተር፣ አብዝቼ ከበላሁ ልጁ ይገዝፍብኛል፤ ምጡ ይጸናብኛል» ይላሉ። ስለዚህ ሆዳቸው እየገፋ በሄደ ቁጥር እንጀራው ያንሳል። ወተትና እርጎ፣ አንዳንድ ቤት ሙዝና እንቁላልም፣ «ልጁ ላይ ይለጠፋል» ተብሎ ይከለከላል። ጾምም አለ። የነፍስ አባቷ «አንቺ ተይው» ቢሏትም፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየጾመ ብቻዋን ማዕድ መቅረብ ያሳፍራታል። እንግዳው፣ ባልየውና ልጆቹ በልተው ሲነሡ የተረፈውን የምትቀምሰውም እሷው ናት። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ ግን ምጥ እስኪይዛት ድረስ አይቀርላትም።

እኛ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ «ጎጂ ልማድ» በሚል አንድ ስም ጠርተን እንዘጋዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ልማዱ የተወለደው ምጥ ማለት ሞት በነበረበት ቦታ ነው። ልጁ አልወጣ ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ያማጠች፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት መንገድ ላይ የቀረች፣ ወይም ነፍሷ ተርፎ ልጇን ያጣችና ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት በየቀበሌው ትታወቃለች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነበር። ሐኪም በሌለበት፣ ቀዶ ሕክምና በማይታሰብበት አገር አንዲት አማት ለምራቷ ልታደርግላት የምትችለው አንድ ነገር ቢኖር ልጁ እንዳይተልቅ መጠንቀቅ ነው። ይህ ከድንቁርና የመጣ አይደለም፣ እጅ ካጠረው ፍቅር የመጣ ነው።

ሐሳቡም የእኛ ብቻ አልነበረም። ሉድቪግ ፕሮኮቭኒክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 የዳሌ አጥንታቸው ለጠበበ ነፍሰ ጡሮች ምግብና ፈሳሽ የሚቀንስ ሥርዓት አሳትሞ ነበር። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ በልጅነታቸው አጥንታቸው የተጣመመ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ሆድ ተከፍቶ መውለድም ገና እናቶችን በብዛት የሚገድል ሕክምና ነበር። እናም ሐኪሙ በመጽሔት ያዘዘው፣ የእኛ አማቶች በጓዳ ከሚያዝዙት ብዙም አይለይም።

ታዲያ ረሃብ ልጁን አያሳንሰውም ወይ? ያሳንሰዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ከወትሮው 300 ግራም ገደማ ቀንሰው ነበር። ነገር ግን በምጥ ጊዜ የሚያስቸግረው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የጭንቅላቱ ስፋት፣ አመጣጡ፣ የምጡ ጉልበትና የእናቲቱ ዳሌ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ሲያጥር ደግሞ የፅንሱ ሰውነት የቻለውን ያህል ደም ወደ አንጎል እየላከ ጭንቅላቱን ይጠብቃል። ቀድሞ የሚሳሳው ስቡ፣ ጡንቻው፣ ጉበቱ ውስጥ ያለው ስንቅ ነው። እናቲቱ በስምንተኛ ወሯ እንጀራ ስትቀንስ ጭንቅላቱ እንደታሰበው አይጠብም፤ ልጇ ግን ብርድ የሚቋቋምበትን ስብና ጡት የሚስብበትን ጉልበት ያጣል። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፣ ቶሎ በኢንፌክሽን ይያዛል። ደሟ ያነሰ እናትም ከወሊድ በኋላ የሚመጣን መድማት የመቋቋም አቅሟ ትንሽ ነው። ዳሌዋ ደግሞ የተሠራው ገና ልጅ ሳለች በበላችው ነው። ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል እንድትበላ፣ አጥንቷም ሳይጠና እንዳትዳር መጠበቅ ምጥን ያቀልላል፤ በስምንተኛ ወር መራብ ግን አያቀልልም።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ የምክሬን ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። ስለ ምግብ ከማንሣቴ በፊት «የት ልትወልጂ አስበሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከጤና ጣቢያው ምን ያህል ትርቃለች? ክረምት ላይ ወንዙ ይሻገራል? አምቡላንስ የሚጠራላት ማነው? ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ገብታ ብትጠብቅ ቤቱን ማን ይይዝላታል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ «ልጁ ይገዝፍብኛል» የሚለው ፍርሃት ትከሻዋ ላይ እንደ ቀድሞው አይጫናትም። መልስ ካላገኙ ግን እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ እያልኩ ብውል አትሰማኝም። ባትሰማኝም አልፈርድባትም።

ቀጥሎ ኪሎው የት እንደሚገባ አብረን እንቆጥራለን። አንዲት እናት በእርግዝናዋ 12 ኪሎ ገደማ ብትጨምር፣ ልጁ ሦስት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዴ ልጁ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው፣ የእንሽርት ውሃው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ማህፀኗ ራሱ አድጎ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ጡቷ ግማሽ ኪሎ ይጨምራል። ደሟ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይበዛል፤ በሰውነቷ የሚጠራቀመው ፈሳሽም እንዲሁ። የቀረው ሦስት ኪሎ ገደማ ስብ ለጡት ወተት የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ብዙዎቹ እናቶች በዚህ ይገረማሉ፤ የጨመሩት ሁሉ ልጁ ላይ የሚያርፍ ይመስላቸው ነበርና። በተለይ የደሙ ነገር ልባቸውን ይነካዋል። «ለደሜም ነው የምበላው ማለት ነው?» ብላ የጠየቀችኝን አንዲት ወጣት እናት እስከ ዛሬ አልረሳትም። አዎ፣ ለደምሽም ነው።

ምን ያህል ይበቃል ለሚለው ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን መለኪያ ነው። ከእርግዝና በፊት ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ለተመጣጠነ ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ለቀጫጫዋ ከ12.5 እስከ 18፣ ክብደቷ ከፍ ላለው ከ7 እስከ 11.5፣ በጣም ለወፈረችው ከ5 እስከ 9 ኪሎ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ብዙ እናቶች ከዚህ በታች ነው የሚጨምሩት። የእኛ ችግር ደግሞ የመነሻው ቁጥር አለመታወቁ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ከእርግዝና በፊት ተመዝነው አያውቁም፤ ለክትትል የሚመጡትም አራትና አምስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የክንዷን ዙሪያ እንለካለን፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምግብ እንዳነሳት እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ የምንከታተለው አካሄዷን ነው፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ እየጨመረች ነው ወይስ ቆማለች?

አዲስ አበባ ስመጣ ፍርሃቱ መልኩን ለውጦ ጠበቀኝ። እዚህ ብዙዋን የሚያስጨንቃት ከወሊድ በኋላ የሚቀር ቦርጭ ነው፤ በስድስተኛ ወሯ እራት ትታ በሰላጣ የምታድር አለች። በሌላው ወገን እናትና አክስት «አሁን ለሁለት ነው የምትበዪው» እያሉ ኬኩን፣ ለስላሳውን፣ ጭማቂውን ያቀርባሉ። መወፈር በእኛ ዘንድ የደህንነት ምልክት ነው፤ «ተመችቶሻል» ምርቃት ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳባቸው ዓመታት ደግሞ መክሳት ሐሜት ያስከትል ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ሰው የወፈረች ሴት ሲያይ ተመስገን ይላል። ነገር ግን ሆድ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ትልቅ ሰው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ምግብ አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ከወትሮው ላይ አንድ ማዕድ መጨመር ይበቃል።

ክብደቷ ከፍ ብሎ እርግዝናዋን የጀመረች ሴት ለእርግዝና ስኳርና ለደም ግፊት ይበልጥ ትጋለጣለች፤ ይህን ልንነግራት ግዴታችን ነው። አነጋገራችን ግን ያሳስበኛል። ወረፋ በሞላበት ኮሪደር ሚዛን ተቀምጦ «ዘጠና ሁለት!» ተብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። በዚያ የተሸማቀቀች እናት ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ለሚደረገው የስኳር ምርመራ ሳትመጣ ብትቀር ጥፋቱ የማን ነው? ሚዛኑን ከመጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥ ወጪ የለውም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ለይቼ መናገር አለብኝ። ከአምስተኛ ወር ወዲህ ክብደት በድንገት፣ በሳምንት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ቢዘልና ፊትና እጅ ቢያብጥ፣ ያ ምቾት ላይሆን ይችላል። ጎረቤት «ፊቷ ሞላ፣ አማረባት» ሲል፣ ሰውነቷ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበር፣ ከደረት በታች ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን የደም ግፊቷና ሽንቷ ይታይ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ቀልድ አያውቅም። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአሜሪካ ሐኪሞች በዚህ ዓይነቱ እብጠት ተሳስተው፣ ክብደትን በመገደብ በሽታውን እንከላከላለን ብለው ነፍሰ ጡሮችን ያስርቡ ነበር፤ የሽንት ማስወጫ መድኃኒት እስከ መስጠትም ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአገራቸው የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት ነው ያ ገደብ መላላት የጀመረው። ውሃውንና ስቡን መለየት ለእነሱም ጊዜ ፈጅቷል።

ከገጠሩ ልማድ ውስጥ እኔ የምወደው አምሮት አለ። ቤት ውስጥ መጨረሻ የምትበላ ሴት እንኳ «አማረኝ» ስትል ይፈለግላታል፤ ካልተሰጣት በልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላልና። ምልክቱን አላምንበትም። ግን ሴቲቱ ምግብ ጠይቃ የማትነቀፍበት አንድ በር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ «ምን አማረሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ባሏ አብሯት ከመጣም እሱ ባለበት እጠይቃታለሁ። ጎመን ወይም ሥጋ ካለች ይሰማል፤ ገበያ ሲወጣ ይዞ ይመለሳል።

አራስ ቤትም ሌላው ሀብታችን ነው። ያቺው የተራበች ሴት በወለደች ማግሥት ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ የዶሮ መረቅ ይቀርብላታል፤ አልጋዋ ድረስ ያጎርሷታል። ይህ ሕዝብ ሴትን መመገብ ያውቅበታል። የምለምነው ያ ገንፎ ሦስት ወር ቀድሞ እንዲጀመር ነው።

ይህንን ጎጃም ሳለሁ ምራታቸውን ይዘው ለመጡ አንዲት አማት ነገርኳቸው። ክንዷ ቀጭን ነበር፣ ክብደቷም ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ከነከናቸው፤ እሳቸው ስድስት ልጅ የወለዱት እየተራቡ ነው። «ስንት ምጥ አይቻለሁ እኮ» አሉኝ። «አዎ እናቴ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ አይተዋል። ያን ጊዜ ግን እኔ አልነበርኩም፤ ይህ ቤትም አልነበረም» አልኳቸው። ማቆያውን ዞረው አዩት፤ አልጋውን፣ ማብሰያውን። ተመልሰው ሲቀመጡ ወሰኑ፦ ገንፎውን ይሠሩላታል፣ እንቁላል በቀን አንድ ይሰጧታል፣ ወተቱን ግን አይሞክሩትም። እኔም እሺ አልኩ። በእንቁላሉ እንጀምር፤ የወተቱን ነገር ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆየነው።