ወረርሽኝ፣ ስልክና የወረዳ መዝገብ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ከሰው ስላራቀ የመንግሥትን ሥራ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር አሸጋገረው ሲባል እንሰማለን። በእርግጥም ስብሰባው በቪዲዮ፣ ትምህርቱም በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲካሄድ ታይቷል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የሚሻ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴና ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ያሳለፉትን ቢመረምር ይጠቀማል።

ባገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል ግጭት ስለ ነበረ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ከተቋረጠ ከሁለት ወር በላይ ሆኖት ነበር። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ ስልክ የሚሠራው በዋና ዋናዎቹ ከተሞች ብቻ ነበር። መስመሩ የተከፈተው መጋቢት 22 ቀን ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ስለ በሽታው በ8335 እየደወለ እንዲጠይቅ ሲመከር፣ በእነዚያ 18 ቀናት የሚደውልበት መስመር ያልነበረው ብዙ ነው።

በሰኔ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ዕቅድ አጸደቀ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላው አገር ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወረርሽኝ የሚያፋጥነው አስቀድሞ የተሰናዳውን ብቻ መሆኑን ነው። በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ በኑኑ ቁምባ ወረዳ የሚኖር አንድ ገበሬ የልጁን የልደት ማስረጃ ቢፈልግ፣ ጉዳዩ የሚፈጸመው ስሙ በመዝገብ በትክክል ሲገኝ፣ መብራቱና መስመሩም ሳይጠፋ ሲቀር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ወረርሽኙ ሲገባ መዝገቡ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ያልተጻፈውን ስም ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል?

ከዚያ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በኋላም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መጥተዋል። መሣሪያው መልካም ነው። ነገር ግን ነገ በወረዳ ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ መሣሪያውን ከመመረቃችሁ በፊት መዝገቡን አቅኑ። መስመር ይዘጋ የሚል ሐሳብ በፊታችሁ ሲቀርብም፣ በዚያ መስመር ሐኪም የሚጠራ ሕመምተኛ እንዳለ አስቡና ተናገሩ።