የተራራ ብስክሌት ቢቀል ግልቢያው ይጣፍጣል?

የተራራ ብስክሌት ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ብስክሌቱን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ መመዘን ነው። ከቀለለው ዋጋ ይጠይቃል፤ ከከበደው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ ግራም በመቀነስ ይፎካከራሉ፤ የቀነሱትንም ግራም በውድ ይሸጣሉ። ይሁንና ብስክሌት የሚጋለበው መሬት ላይ እንጂ በእጅ ተንጠልጥሎ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ መብለጡ ወይም ማነሱ ለግልቢያ ደስታ ያለው ፋይዳ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ ክብደቱ ባረፈበት ክፍል፣ በሚሰጠው አገልግሎትና በጋላቢው ሰውነት።

ከባድ ሆኖ የተወለደ ስፖርት

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ የሚኖሩ ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፉ አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ከታማልፓይስ ተራራና ከዙሪያው ኮረብቶች ቁልቁል ይለቁባቸው ጀመር። ብስክሌቶቹ ወፍራም ጎማ ያላቸው፣ ከብረት የተሠሩና 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ፌርፋክስ በተባለች ከተማ አቅራቢያ “ሪፓክ” የተሰኘው ውድድር ተጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የአፈር መንገድ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ በውስጡ ያለው ግራሶ ይጤስ ነበር። የስፖርቱ ፍቅር የተጫረው እንግዲህ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው ከባድ ብስክሌቶች ላይ ነው።

ችግሩ ወደ ላይ መውጣቱ ነበር። ብስክሌቶቹን ወደ ተራራው አናት ለማድረስ መግፋት ወይም በፒክአፕ መጫን ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ተግባር ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያውን ፍሬም ሲያወጣ የሙሉ ብስክሌቱ ክብደት ወደ 17 ኪሎ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔሻላይዝድ ኩባንያ በብዛት አምርቶ ለገበያ ያቀረበው ስታምፕጃምፐር ደግሞ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ክብደቱ መቀነሱና የማርሹ ቁጥር መብዛቱ አንድ ላይ ሆነው ጋላቢው ተራራውን በራሱ ጉልበት ወጥቶ እንዲወርድ አስቻሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ የፊት አሞርዛተር ይዞ ቀረበ። እየቆየም የኋላ አሞርዛተር፣ የዲስክ ፍሬን፣ ሰፋፊ ጎማና በጉዞ ላይ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ ተጨመሩ። እያንዳንዳቸው ግራም ያዘሉ ናቸው። ዛሬ ለአገር አቋራጭ ውድድር የሚሠሩ ብስክሌቶች ከ10 እስከ 12 ኪሎ፣ ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚያገለግሉት ከ13 እስከ 15 ኪሎ፣ ለአስቸጋሪ ቁልቁለት የሚሆኑት ከ15 እስከ 17 ኪሎ ይመዝናሉ። ካርቦን ፋይበር ተስፋፍቶም እንኳ ለብዙኃኑ የሚሸጠው ብስክሌት ከ40 ዓመት በፊቱ ስታምፕጃምፐር ብዙም አልቀለለም። በዚያ ዘመን የማይደፈሩ መንገዶችን ግን በቀላሉ ያልፋል። የተጨመረው ክብደት የተገዛበት ነገር ፍጥነት፣ መተማመንና ምቾት ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

ክብደት ያለ ጥርጥር የሚያስከፍለው ዳገት ላይ ነው። ዳገት የሚወጣው ግን ብስክሌቱ ብቻውን ሳይሆን ሰውየው፣ ልብሱ፣ ውኃውና መሣሪያው ጭምር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጧል እንበል። ድምሩ 85 ኪሎ ነው። ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 150 ዋት ጉልበት ሳያቋርጥ ቢያወጣ፣ 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 46 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ብስክሌቱ በአንድ ኪሎ ቢቀል የሚያተርፈው 33 ሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ጊዜ 1.2 በመቶ ብቻ ነው። በሦስት ኪሎ ቢቀል አንድ ደቂቃ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ያተርፋል።

ከመሃል አዲስ አበባ ተነስቶ እንጦጦ አናት ለመድረስ ከዚህ የበለጠ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ ዳገቱ የሚፈጀው ጊዜም ሆነ የአንድ ኪሎ ዋጋ በሰከንድ ሲቆጠር ይጨምራል። ሆኖም ድርሻው ያው አንድ በመቶ አካባቢ ነው።

ለተወዳዳሪ 33 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። ለመዝናናት ለወጣ ሰው ግን አንድ ሊትር ውኃ ራሱ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ማስታወስ ይበቃል። በመንገዱ መሃል ውኃውን ጠጥቶ የጨረሰ ጋላቢ ብስክሌቱ ድንገት የቀለለ አይመስለውም። ዳገትን የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ለዳገቱ ልክ የሚሆን ቀላል ማርሽ አለመኖር፣ ለቁመት የማይመጥን ፍሬም፣ በጣም ዝቅ ያለ ኮርቻ፣ ወይም መሬቱን መቆንጠጥ አቅቶት የሚንሸራተት የኋላ ጎማ።

በጎማ ላይ ያለ ኪሎና በፍሬም ላይ ያለ ኪሎ

እኩል የሚመዝኑ ሁለት ብስክሌቶች መንገድ ላይ ሲወጡ አንዱ ፈጣንና ታዛዥ፣ ሌላው ግን ግትር ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የክብደቱ ቦታ ነው። በቸርኬውና በጎማው ዳር ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት። በመሆኑም ብስክሌቱን ከቆመበት ለማስነሳት ወይም ፍጥነት ለመጨመር፣ በጎማው ዳር ያለ 100 ግራም በፍሬሙ ላይ ካለ 200 ግራም ጋር የሚተካከል ጉልበት ይጠይቃል። በተራራ መንገድ ጋላቢው በየኩርባው ፍሬን ይዞ እንደገና ስለሚነሳ ልዩነቱ እግር ላይ ይሰማል። በአንድ ፍጥነት ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ግን ግራሙ የትም ይሁን የት ልዩነት የለውም።

ከዚህ ተነስቶ ቀጭን ጎማ መግጠም ብልህነት ሊመስል ይችላል። ጎማ ግን ከመሬት ጋር የሚገናኘው ብቸኛው የብስክሌቱ ክፍል ነው። የሳሳ ጎማ በሹል ድንጋይ ቶሎ ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች የተራራ ብስክሌት ውድድር እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በመሃል ጎማው ተንፍሶበት ግማሽ ደቂቃ የሚሆን ጊዜ አጥቷል። እንደምንም ደርሶ ወርቁን የወሰደውም ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮሬትስኪን በ9 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ነው። ኦሊምፒክን በሚያክል መድረክ እንኳ አንድ የተነፈሰ ጎማ በአንድ ኪሎ ቅነሳ የሚገኘውን ትርፍ ሊበላው ይችላል። በውድድር መስመር ዳር ጎማ ይዞ የሚጠብቅ ረዳት ለሌለው ተራ ጋላቢማ ጉዳቱ ይብሳል፤ ቀሪውን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋ ሊመለስ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ክብደት ወዳጅ የሚሆንበት ጊዜ

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሽቅብ ይዘላል፤ የአሞርዛተሩ ሥራ ይህ ምት ወደ ፍሬሙና ወደ ጋላቢው እንዳይደርስ መዋጥ ነው። ፍሬሙ ከጎማው አንጻር በከበደ ቁጥር በምቱ የመናወጡ ነገር ይቀንሳል፤ አሞርዛተሩም ሥራውን በተሻለ ይሠራል። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ አንዳንድ የቁልቁለት ጋላቢዎች ፔዳሉ በተተከለበት ዝቅተኛ ቦታ አካባቢ ሆን ብለው ተጨማሪ ክብደት እስከ ማሰር የደረሱትም ለዚህ ነው። በጣም ቀላል ብስክሌት በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሊንጣጣና ጋላቢውን ሊያደክም ይችላል።

በአንጻሩ ግንድ ወይም ጉድጓድ መዝለል ሲመጣ ቅለት ይረዳል። ጋላቢው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ክብደቱን ይጭናል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተሳበ መሪውን ወደ ራሱ ያመጣና የፊት ጎማውን ያነሳል፤ በመጨረሻ ቀና ብሎ መሪውን ወደ ፊት በመግፋት የኋላውን ያስከትላል። ለዚህ የብስክሌቱ ቅለት ያግዛል፤ የኋላ ጎማው ለፔዳሉ ያለው ቅርበትና የጋላቢው ልምድም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ናቸው።

ኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመላቸው የተራራ ብስክሌቶችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሞተርና ባትሪው ግን ወደ መሬት ቀርበው ስለሚቀመጡ ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ረግቶ ይሄዳል። ዳገቱን ሞተሩ ስለሚያግዝ ክብደቱ ብዙም አይታወቅም። የሚታወቀው ባትሪው ሲያልቅ፣ አጥር ለማሻገር ወይም ፎቅ ለማውጣት ሲፈለግ ነው።

የጋላቢው ሰውነት

ክብደት ለሁሉም እኩል አይከብድም። 15 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የራሱን ክብደት 17 በመቶ ሲሆን፣ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 30 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ የሚያስደነግጠው ልጆች ላይ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 13 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ሲሰጠው፣ 75 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ብስክሌት ዳገት እንዲያወጣ ከመጠየቅ አይለይም። ርካሽ የልጆች ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ በከባድ ብረትና በማይረባ አሞርዛተር የተሞሉ ናቸው። አንድ ልጅ ብስክሌት ሰለቸኝ ቢል ስንፍና ላይሆን ይችላል። ለልጅና ለቀላል ሰው ከማይረባ አሞርዛተር ይልቅ አሞርዛተር የሌለው ቀለል ያለ ብስክሌት ይሻላል።

ገንዘቡን የት ማዋል ይሻላል?

ካሊፎርኒያዊው የብስክሌት ሠሪ ኪት ቦንትራገር ጥንካሬ፣ ቅለትና ርካሽነት አንድ ላይ እንደማይገኙ፣ ገዢው ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ መምረጥ እንደሚችል በመናገር ይታወቃል። ከአሉሚኒየም ፍሬም ወደ ካርቦን መሸጋገር ዋጋውን በእጅጉ ያንረዋል፤ የሚቀንሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ለመዝናናት የሚጋልብ ሰው ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለቁመቱ ለሚሆን ፍሬም፣ ለአስተማማኝ ፍሬንና ለመንገዱ ለሚስማማ ጎማ ነው። ቀጥሎ የጎማውን ነፋስና አሞርዛተሩን በራሱ ክብደት ልክ ማስተካከል አለበት፤ ይህ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ግራም መቀነስ ካስፈለገም ቸርኬና ጎማ ጥንካሬያቸው ሳይጓደል ቢቀሉ ለውጡ ቶሎ ይታወቃል፤ ፍሬሙ የመጨረሻው ተራ ነው። በብስክሌት ሱቅ የሚጻፈውን ክብደት ሲያነጻጽሩም ብዙ አምራቾች የሚመዝኑት ያለ ፔዳል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ረጅም ዳገት የሚያዘወትር፣ የሚወዳደር ወይም ብስክሌቱን በየቀኑ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ለቅለት ተጨማሪ ቢከፍል አይፈረድበትም። ደስታው ከቁልቁለቱና ከኩርባው የሚመጣለት ሰው ግን አንድና ሁለት ኪሎ በመብለጡ የሚቀርበት ነገር እምብዛም ነው።