ጋቢና ውስጥ መኖር

ከሐዋሳ ተነስቶ ቱላን የሚያቋርጠው አስፋልት ሞሮቾን፣ አፖስቶን፣ ዲላንና ቡሌ ሆራን እያለፈ ሞያሌ ላይ ከኬንያ ጋር ይገናኛል። ለአብዛኞቻችን ይህ መንገድ መሄጃ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ግን ይኖርበታል። በአውስትራሊያ በረሃ ጡረተኞች ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ኋላ አያይዘው ለወራት ይዞራሉ፤ የሚጎትቱት ቤታቸውን ነው። የኛ ሹፌር የሚጎትተው የሰው ዕቃ ነው፤ ቤቱ ከፊት ያለችው ጋቢና ናት።

ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ የሲዳማና የጌዴኦ ቡና ወይም የቦረና ከብት ይጭናል፤ ቁልቁል ሲመለስ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሐዋሳ ሞያሌ ደግሞ ሌላ 500 ገደማ። ቀኑን የሚበላው ግን ርቀቱ ብቻ አይደለም። የመጫኛ ወረፋ አለ፣ የማራገፊያ ወረፋ አለ፣ ሚዛን አለ፣ ኬላ አለ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የተመረቀው የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የድንበር አገልግሎት የታሰበው መኪናው ሁለት ጊዜ ቆሞ እንዳይፈተሽ ነው። ወረፋ አንድ ቀን ሲያጥር ሹፌሩ አንድ ሌሊት ከልጆቹ ጋር ያድራል፤ እኔ የዚህን ዓይነት ሥራ ጥቅም የምለካው በዚህ ነው።

ጋቢናዋን ከፍቶ ላያት ሰው መኖሪያነቷ ወዲያው ይታወቀዋል። ከመቀመጫዎቹ ኋላ አንድ ሰው የሚያስተኛ ጠባብ ፍራሽ አለ፤ ከፊቱ መጋረጃ ይሳባል። ቅያሪ ልብስ ከራስጌ በሻንጣ ይቀመጣል። መስተዋቱ አካባቢ እንደ ባለቤቱ እምነት የእመቤታችን ሥዕል ወይም የቁርኣን ቃል ይንጠለጠላል። ከጎን የታሰረው ጀሪካን የመታጠቢያም የመጠጥም ውሃ ነው። ተሳቢው ሥር በተበየደው የብረት ሳጥን ውስጥ ክሪክና ቁልፍ ከድስትና ከቡታጋዝ ጋር አብረው ይኖራሉ። ከተማ ሲደርሱ ሆቴል ይበላል፤ ከያቤሎ ማዶ ጎማ ፈንድቶ ከተዋለ ግን ሽሮ ወይም ፓስታ እዚያው መንገድ ዳር ይሠራል።

አልጋ ቤት ሳለ ለምን እዚህ ያድራል? ብሩን ለመቆጠብም ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን መኪናው ነው። ናፍታ ይቀዳል፣ ባትሪና ትርፍ ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ተቀዶ ጭነት ይወሰዳል። ጎድሎ የተገኘውን ዕቃ ሹፌሩ ይጠየቅበታል። ስለዚህ እንቅልፉም ጥበቃ ነው፤ ኮሽታ በሰማ ቁጥር ይነቃል፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ መሪ ይጨብጣል።

ረዳቱ ከዚያ የከፋ አዳር አለው። ታኮ የሚያደርገው፣ ሸራ የሚወጥረው፣ ጎሚስታ በሌለበት ጎማ የሚፈታው እሱ ነው። ማታ ከፊት መቀመጫው ላይ ይጠማዘዛል፣ ወይ ጭነቱ ላይ ይወጣል፣ ወይ ተሳቢው ሥር ካርቶን ያነጥፋል። «ጋሼ፣ አንተ ጋደም በል፣ እኔ አለሁ» ይላል። ሙያውን የሚማረውም እንዲህ አብሮ እየኖረ ነው፤ ሞተር ማዳመጥን፣ ዳገት ላይ ማርሽ መለወጥን፣ ከሚዛን ሰው ጋር መነጋገርን።

መንገድ ላይ እየኖሩ መሥራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሲራራ ነጋዴዎች ከበቅሎና ከአህያ ጋር ለወራት ይጓዙ ነበር፤ ክረምት ወንዝ ሲሞላም ባሉበት ይከርሙ ነበር። መኪናው በብዛት የመጣው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ሽማግሌ ሹፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት 634 እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ ጋቢናቸው ውስጥ መኝታ ከነበራቸው ቀደምት የጣሊያን ጭነት መኪኖች አንዱ ነው።

ሌላው ዓለም ለዚህ ኑሮ ሕግ አበጅቶለታል። አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ እነሱ ጭነት ይዘው ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችሉም፣ ዳግም ለመጀመርም 10 ተከታታይ ሰዓት ማረፍ አለባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) የ45 ሰዓቱ መደበኛ ሳምንታዊ ዕረፍት ጋቢና ውስጥ ሊያልፍ አይችልም ሲል ወስኗል። ምንም ያህል የተመቸ አልጋ ቢኖረው፣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሠራበት ክፍል ማረፊያው ሊሆን አይገባም ማለት ነው። ትክክል ነው እላለሁ።

እኛ ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ጉዳይ አለብን። ከሐዋሳ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ቱላ ጭምር፣ ለከባድ መኪና የታጠረ ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ መብራትና ዘበኛ ያለው፣ ሻወርና መጸዳጃ ያልራቀው። ለማቆሚያው መክፈሉ ያዋጣው እንደሆነ ሹፌሩ ከሚቀዳበት ናፍታ ኪሣራ ጋር አስተያይቶ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ሹፌሩና ረዳቱ በተራ መጠበቃቸው ቀርቶ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መተኛት ይችላሉ።