አሥር ኩንታል ብቻ ቢጨመርስ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል ነቀምቴ የሚገባ መንገደኛ የጭነት መኪናዎች ሲጫኑና ሲራገፉ ያያል። ከጊምቢ፥ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ ቡና ወደ ዋና ከተማው ይሄዳል፤ በምላሹም ጨው፥ ሲሚንቶ፥ ቆርቆሮና ሳሙና ለወለጋ ከተሞች ይመጣል። የዚህ አገር ቡና በውጭ ገበያ እስከ ዛሬ በከተማው የቀድሞ ስም «ለቀምት» ይባላል።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ሚዛን ላስተምር ብዬ ተማሪዎቼን ወደ አንድ መጫኛ ቦታ ወሰድኋቸው። አንድ ወጣት ነጋዴ የጫኞቹን አለቃ «አባባ፥ አሥር ኩንታል ብቻ ቢጨመር ምን ይጐዳል?» አላቸው። ሽማግሌውም «ልጄ፥ መኪናው ዝም ቢል ቁልቁለቱ ይናገራል» ብለው መለሱለት። ተማሪዎቼ ሣቁ፤ እኔ ግን ነገሩ በሒሳብ ሊመረመር የሚገባው ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛው ነገር ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የ60 ኩንታል ጭነት መካከሉ ልክ በኋላው እግር ላይ ቢውል ክብደቱን ሁሉ የኋላው ብቻ ይሸከማል። በሁለቱ እግሮች መካከል ካለው ርቀት ሩቡን ያህል ወደ ፊት ቢሳብ ግን 15ቱን ኩንታል የፊቱ፥ 45ቱን የኋላው ይካፈሉታል። ከኋላው እግር አልፎ ወደ ጅራት ቢከማች ደግሞ የፊቱ ይቀልና መሪው ለሹፌሩ አይታዘዝም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ወደ ዴዴሳ ሸለቆ መውረድ አለበት። ከባዱ ዕቃ ከላይ ከሆነ በመጠምዘዣ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ያዘነብለዋል። ስለዚህ ሲሚንቶና ብረት ከታች፥ ቀላሉ ከላይ ይጫናል። ቡና ሽታ ይስባልና ከሳሙናና ከጋዝ ጋር አይጫንም።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ፥ መኪናዎችን ሌት ተቀን በማመላለስ የመንገድ ፈተና ተደርጎ ነበር። በውጤቱም የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አሥራ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን ታወቀ። በ10 ቶን ፈንታ 12 ቶን ቢጫን እንኳ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። የሚዛን ጣቢያ ጠቅላላውን ክብደት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን አክስል የሚመረምረው ስለዚህ ነው።

መንገድ ሲፈርስ የሚጐዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። የገበሬው ቡና በደጁ ይቀራል፤ ለታመመውም መድኃኒት በሰዓቱ አይደርስም። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ መካከል ነገ በሚዛን ጣቢያ ወንበር የሚቀመጥ ይኖራልና፥ «አሥር ኩንታል ብቻ» የሚል ልመና ሲቀርብለት ይህን ያስታውስ።

ነጋዴው በመጨረሻ አሥሩን ኩንታል ለሌላ መኪና ሰጠ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ለመኪናም እግር እንዲሁ።