ሳይክሎስፖሪን፦ ከአይጠ መጎጥ ቁርጭምጭሚት እስከ ዘነበወርቅ

ላብራቶሪ ውስጥ ያለች ነጭ አይጠ መጎጥ የኋላ እግሯ መዳፍ ላይ አንዴ ትወጋለች። መርፌው የያዘው በሙቀት የተገደለ፣ የደቀቀ፣ በዘይት የተለወሰ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። ከተወጋች ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናት መርፌ ያልነካው እግሯ ሳይቀር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ባክቴሪያው ሞቷል፤ የሚያሠቃያት እሱን ሊያጠፋ የተነሳው የራሷ መከላከያ ነው። ፒርሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን በ1956 ከገለጸ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዕፅም ሆነ ከፈንገስ የተገኘ ለመገጣጠሚያ ብግነት የታሰበ ውሁድ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በዚሁ እግር ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ምልክት ድረስ ውኃ የያዘ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ይነከራል፤ ውኃው ከፍ ያለበት መጠን በሚሊ ሊትር ይነበባል። በዓይን ደግሞ ለእያንዳንዱ እግር ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ የከፋባት 16 ታገኛለች። ነጥብ ሰጪው የትኛዋ መድኃኒት እንደወሰደች ማወቅ የለበትም።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲነገረኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ የተሰጠው መቼ ነው? ከመርፌው ቀን ጀምሮ ከሆነ የታየው መከላከሉ ነው። ቁርጥማት የያዘው ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጉልበቱ ካበጠ በኋላ ነው። «በእንስሳ ተሞክሮ ተረጋግጧል» እየተባለ ለሕመምተኛ የሚሸጥ ቅጠልና ሥር የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

በዚህ እግር ከተፈተኑት አንዱ ሳይክሎስፖሪን ነው። በ1969 ሳንዶዝ በተባለው የስዊዘርላንድ መድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ለዕረፍት ከሄደበት የኖርዌይ ደጋ፣ ከሃርዳንገርቪዳ፣ አፈር ይዞ ተመለሰ። በአፈሩ ውስጥ አንድ ፈንገስ ተገኘ፤ ከፈንገሱም ሳይክሎስፖሪን ወጣ። መጀመሪያ የተፈለገው ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት ነበር፤ ለዚያ ብዙም አልሆነም። የሳንዶዝ ተመራማሪው ቦሬልና ባልደረቦቹ በ1976 እንዳሳተሙት ግን የአይጠ መጎጦቹን የመገጣጠሚያ ብግነት ያበርዳል። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበትን መልእክት ያፍናል። ኩላሊትን እንደሚጎዳ ጎልቶ የታየው ለሰው መሰጠት ሲጀምር ነው።

ይኸው መድኃኒት አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ደርሷል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ በግቢው ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ተከተለው። ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። አይጠ መጎጧ የተወጋችው የነቀርሳ ባክቴሪያም የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው።

የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ባክቴሪያው በመድኃኒት እየሞተ እያለ እንኳ የገዛ መከላከያው ሊነሳበት ይችላል። አንዱ ዓይነት ቆዳውንና ነርቩን ያስቆጣል፤ ሌላው ትኩሳት፣ ቀይ እባጭና የመገጣጠሚያ ብግነት ያመጣል። ሕክምናው ባብዛኛው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እሱም ለወራት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል።

አለርት ውስጥ ተደርጎ በ2016 በታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ቁጣ አዲስ የጀመራቸው 73 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ሳይክሎስፖሪን ከፕሬድኒሶሎን ጋር፣ ገሚሶቹ ፕሬድኒሶሎን ብቻ ለ20 ሳምንት ወሰዱ። እዚህ በውኃ የሚለካ እግር የለም። ነርቩን ለመፈተሽ ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው ቀጭን የናይለን ክር መዳፉ ላይ እስኪጎብጥ ይጫናል፤ የተሰማው «እዚህ ጋ» ይላል። ቆዳቸው የዳነላቸው በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 91 እና 92 ነበሩ። ግርሻ ግን በሁለቱም ብዙ ነበር፤ ሳይክሎስፖሪን በወሰዱት ላይ ደግሞ ቀድሞ መጣ፤ የበለጠ ተጨማሪ ፕሬድኒሶሎንም አስፈለጋቸው። አጥኚዎቹ ፕሬድኒሶሎን ላልሰራለት ወይም ለጎዳው ሕመምተኛ ሁለተኛ አማራጭ ሊሆን ይችላል አሉ።

መገጣጠሚያ በሚያስቆጣው በሌላው ዓይነት ላይ በዚያው ግቢ አነስ ያለ ሙከራ ተደርጓል። ለቆየባቸው ሕመምተኞች ጉልህ ጥቅም አልታየም። ገና ከጀመራቸው 13 ሕመምተኞች መካከል ግን፣ ሳይክሎስፖሪን በወሰዱት ላይ ግርሻው በ16 ሳምንት ዘግይቶ መጣ።